ደሴ ላይ ሆኖ ፕሪፕያትን መቅረጽ፦ አንድ ጥያቄና 24 መልስ

ጥያቄው የመጣው ደሴ ከሚኖር የፊልም ጽሑፍ ደራሲ ነው። በፈረንጆቹ 2012 የወጣ አስፈሪ ፊልም አለ። ስድስት ወጣት ጎብኚዎች ከአንድ አስጎብኚ ጋር በቼርኖቤል የኑክሌር ጣቢያ ፍንዳታ ሰው የለቀቃትን የዩክሬን ከተማ ፕሪፕያትን ለማየት ይገባሉ፤ ሊወጡ ሲሉ መኪናው አልነሳ ይላል፤ ይመሻል፤ ከተማዋም ባዶ እንዳልሆነች ይገባቸዋል። ፊልሙ የተቀረጸው ዩክሬን ውስጥ ሳይሆን ሰርቢያና ሀንጋሪ ነው። ጠያቂው ከዚህ ተነስቶ፣ ሰርቢያ ፕሪፕያትን መምሰል ከቻለች ኮምቦልቻ ምን ያንሳታል ይላል። ያሰበው የ20 ደቂቃ ፊልም ነው፤ አምስት የወሎ ልጆች ዩክሬን ሄደው እዚያች ከተማ ውስጥ መውጫ ያጣሉ። ያለው ዕቃ አንድ ካሜራ፣ አንድ ጥሩ ስልክ፣ ሁለት የእጅ ባትሪና አንድ ጄኔሬተር ነው። የጠየቀው ሦስት ነገር ነው፦ የት ይቀረጽ፣ ሌሊቱ እንዴት ይሠራ፣ መኪናው ተመልካች በሚያምነው መንገድ እንዴት ይበላሽ። ከጥያቄው ጋር አንድ የጸና እምነቱንም አስቀምጧል፤ ፍርሃት ማለት ጨለማ ነው፣ ጨለማው ከተገኘ ሌላው በራሱ ይመጣል የሚል። ክሩን፣ ማለትም የጥያቄውንና የመልሶቹን ውይይት፣ እስከ መጨረሻው ያቆየችው ይህች አረፍተ ነገር ናት። አዲስ ለሚገባ ሰው እንዲመች መልሶቹን በየቁጥራቸው አስቀምጣለሁ፤ የመሰለኝንም በየመሃሉ እላለሁ።

መልስ 1 ሰላምታና ምስጋና አስቀድሞ ሐሳቡን ይደግፋል። ፕሪፕያት በፈረንጆቹ 1970 የተቆረቆረች፣ ባለ 5 እና ባለ 9 ፎቅ የኮንክሪት ብሎኮች የሞሉባት ከተማ ስለሆነች፣ ከእኛ ዘንድ የሚቀርባት ያላለቀ ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ከምድር ቤቱ ጋር አምስት እርከን ይሆናል። የሚያጋልጡት ነገሮች ጣሪያው ላይ ናቸው። የፕሪፕያት ጣሪያ ጠፍጣፋ ነው፤ የእኛ ላይ ቆርቆሮ፣ ዲሽና ጥቁር የውኃ ታንከር አለ። ስለዚህ ካሜራው ከአራተኛ ፎቅ መስኮት በላይ እንዳያይ ይመክራል።

መልስ 2 አጭር እርማት ነው። ጠያቂው ፍንዳታው ሌሊት 1 ሰዓት ከ23 ላይ ነው ብሎ ጽፎ ነበር፤ ያ የፈረንጅ ሰዓት ነው። በእኛ ሌሊት 7 ሰዓት ከ23 ደቂቃ፣ ለሚያዝያ 18 ቀን 1978 አጥቢያ ይሆናል። ሕዝቡ የወጣው በማግስቱ በ19 ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ጀምሮ ነው፤ ወደ 49,000 ሰው፣ ለሦስት ቀን ብቻ የሚበቃ ዕቃ ያዙ ተብሎ። ታላቁ የመዝናኛ መንኮራኩር ሊመረቅ የታሰበው ሚያዝያ 23 ነበር። መላሹ ዕለቱ በእኛ የጊዮርጊስ በዓል መሆኑን ያስታውስና ገጸ ባሕርያቱ ይህን ቢያነሱት ደስ ይለኛል ይላል። እኔም ይለኛል።

መልስ 3 የእፅዋትና የአእዋፍ ነገር ነው። ፕሪፕያትን የዋጣት ጫካ የጥድ ዘመድ የሆነው መርፌ ቅጠል ያለው ፓይን፣ ነጭ ልጥ ያለው በርችና ፖፕላር ነው። ባሕር ዛፍ በአንድ ቀረጻ ውስጥ እንኳ ከታየ ነገሩ አበቃ፤ ዛፉ ባይታይ ረጃጅም ቅጠሉና የተላጠ ልጡ መሬት ላይ አለ፤ ከመቀረጹ በፊት ይጠረግ። ከሩቅ ለማስመሰል ሽውሽዌ ይሻላል፤ ቅጠሉ መርፌ ስለሚመስል ነፋስ ሲነካውም የፓይን ዓይነት ድምፅ ይሰጣል። ከሁሉ የሚከፋው ጋጋኖ ነው። ይህ ወፍ የእኛ ደጋ ወፍ ነው፤ ማለዳ ሲጮህ የተቀዳ ድምፅ ኮምቦልቻ ነን ብሎ ይናገራል። የጅብ ድምፅም አይግባ፤ በፕሪፕያት ያሉት ተኩላና የባዘነ ውሻ ናቸው።

መልስ 4 በብርሃን ላይ የጻፈ የካሜራ ሰው ነው፤ የጻፈው ኋላ ክሩን ስለሚያዞረው ዘርዘር አድርጌ ላስቀምጠው። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናት፣ ፕሪፕያት ደግሞ 51 ዲግሪ ተኩል ገደማ። ሚያዝያ 18 እኩለ ቀን ላይ ፕሪፕያት ያለ፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ጥላው 1 ሜትር ከ30 ይዘረጋል። ደሴ ላይ ያው ሰው በዚያው ቀን ጥላው ከ10 ሳንቲም በታች ነው፤ እግሩ ሥር ይጠፋል። ተመልካች ለምን እንደሆነ ባያውቅም ዓይኑ ይህን ያያል፤ ፀሐይዋ የሐሩር ፀሐይ መሆኗን ይለያል። ስለዚህ የቀን ትዕይንት ካለ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል በፊት፣ ወይም ከሰዓት በኋላ ከ9 ሰዓት ወዲህ ይቀረጽ። በመሃሉ ያለው ጊዜ እንዲያው ይለፍ።

መልስ 5 የጠያቂው ነው። አመስግኖ፣ የቀን ትዕይንቱ ሁለት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ፀሐይ እንደማያሳስበው፣ ዋናው ሌሊቱ መሆኑን ይደግማል።

መልስ 6 ወዲያው ይይዘዋል፤ ሰው የሚፈራው ካሜራው በሚያሳየው ነገር እንጂ በጨለማ አይደለም ይላል። ድፍን ጨለማ ስልክ ላይ ሲቀረጽ የሚታየው ጥቁረት ሳይሆን የሚንቀጠቀጥ ግራጫ አሸዋ ነው፤ ስልኩ ብርሃን ሲያጣ ለብርሃን ያለውን ስሜት (አይኤስኦ) በራሱ ከፍ ስለሚያደርግ። መድኃኒቱ ብርሃን መጨመርና ስሜቱን በእጅ መቆለፍ ነው። የእጅ ባትሪ በቀጥታ ፊት ላይ ሲበራ ግንባሩን ነጭ ያደርግና ዓይኑን ይውጠዋል። አንድ ድርብ ነጠላ በአንድ ሜትር ርቀት ከባትሪው ፊት ይወጠር፤ ብርሃኑ ሰፍቶ ይለሰልሳል። ጥለቱ ያለበት ጠርዝ ግን ከብርሃኑ መንገድ ይውጣ፤ ጥላው ግድግዳ ላይ መስመር ሆኖ ይታያልና። በጄኔሬተርም ሆነ በመብራት ኃይል የሚበራ ርካሽ አምፖል በ50 ኸርዝ ኃይል በሴኮንድ 100 ጊዜ ስለሚርገበገብ ሹተሩ (ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሴኮንድ ይሁን፣ ፍሬሙ በሴኮንድ 25። ስልኩ እንደመጣ በ1/60 ከተተወ ግድግዳው ላይ ጥቁር ሞገድ ይሄዳል፤ በአርትዖትም በቀላሉ አይጠፋም። ከመሸ በኋላ ያለውን ሰማያዊ ብርሃን ለመጠቀም ለሚያስብ ደግሞ፣ ደሴ ላይ ጀንበር ከጠለቀች እስኪጨልም ያለው 22 ደቂቃ ያህል ብቻ መሆኑን ያስጠነቅቃል። በፕሪፕያት ኬክሮስ ከ30 ደቂቃ ይበልጣል። በ22 ደቂቃ ውስጥ አንድን ትዕይንት ሦስት ጊዜ መቅረጽ ከተቻለ ትልቅ ነገር ነው፤ ልምምዱ በ10 ሰዓት ያልቅ።

መልስ 7 የመካኒክ ነው። ከክሩ ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው። በውጭው ፊልም የመኪናው ሽቦ ተበላሽቶ ይገኛል፤ መካኒኩ ይህ ለወሎ ተመልካች አይበቃም ይላል። በደሴ ዳገትና ቁልቁለት ያደገ ሰው መኪና አልነሳ ሲል መጀመሪያ የሚያስበው መግፋትን ነው። ሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ረግጦ መግፋት፣ መልቀቅ። ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው መሣሪያ) ቢሞት፣ የሱ ሽቦ ቢቆረጥ፣ ባትሪው ቢደክም ይነሳል። አሮጌ ናፍታ ሞተር ደግሞ ፖምፓው በሜካኒክ ስለሚሠራ፣ ነዳጅ ለሚከፍተው ቫልቭ ከባትሪው አንድ ሽቦ ማድረስ ብቻ ነው። ተመልካቹ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በሁለት ደቂቃ መኪናውን ጠግኖ ከጨረሰ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የገጸ ባሕርያቱ ሞኝነት ይሆናል እንጂ አያስፈራም።

ስለዚህ ብልሽቱ የማይገፋ ይሁን። የታይሚንግ ቺንጋ፣ ቫልቮላዎቹን ከፒስተኖቹ ጋር እኩል የሚያስኬደው ቀበቶ፣ ይበጠስ። ቺንጋው ሲበጠስ ቫልቮላዎቹ ባሉበት ይቆማሉ፣ ፒስተኖቹ ይመቷቸዋል፣ ይታጠፋሉ። ከዚያ ቢገፉት፣ ቢጎትቱት፣ ባትሪ ቢቀይሩለት ምንም የለም። መካኒኩ ከዚህ በኋላ የጻፈው ድምፁን ነው። ጤነኛ ሞተር ቁልፍ ሲዞር ሞተሪኖው እየከበደውና እየቀለለው በተራ ይዞራል፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን ሲያምቅ ይከብደዋል። ቺንጋው የተበጠሰ ሞተር ግን አይከብደውም፤ ቀልሎ፣ ፈጥኖ፣ አንድ ወጥ በሆነ ፉጨት ይዞራል። መኪና የሚያውቅ ሰው ይህን ድምፅ ሲሰማ ኮፈኑ ሳይከፈት ነገሩ እንዳበቃ ያውቃል። ሹፌሩ ቁልፉን አንዴ አዙሮ፣ ሰምቶ፣ ቀስ ብሎ እጁን ያንሳ፤ ሁለተኛ እንዳይሞክር። የሚያስፈራው ይህ ነው፤ ሌሎቹ ገና ሞክረው እያሉት።

ድምፁን ለመቅዳት ደህና ሞተር አይሰበርም። ቤንዚን መኪና ላይ የኮይሉ ሽቦ ይነቀላል፣ የነዳጅ ፓምፑ ፊውዝ ይወጣል፣ አራቱም ካንዴላ ይፈታል፤ ቀዳዳዎቹ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ጣል ይደረጋል። አሁን የሚታመቅ አየር ስለሌለ ሞተሪኖው ልክ በዚያ ድምፅ ይዞራል። ከ10 ሴኮንድ በላይ አይያዝ፣ በየመሃሉ አንድ ደቂቃ ይረፍ፤ አለዚያ ሞተሪኖው ይቃጠላል። ፊውዙን ሳያወጡ መሞከር ግን እሳት መጥራት ነው፤ ቤንዚኑ በቀዳዳው ይረጫል።

መልስ 8 ሁሉም ሞተር ቺንጋ የለውም፣ ካቴና ያላቸው አሉ ብሎ ያርማል። መልስ 9 ላይ መካኒኩ ተቀብሎ፣ አሮጌዎቹ የቶዮታ ኤል ዓይነት ናፍታ ሞተሮች ባለ ቺንጋ ስለሆኑ መኪናው ከእነሱ ይመረጥ ይላል። ድምፁ ከቤንዚን መኪና ቢቀዳም አንድ ወጥነቱ ስለሚመሳሰል ችግር የለውም።

መልስ 10 ላይ ነገሩ ይከራል። አንድ ሰው ግድግዳ ማሳረጅ ለምን አስፈለገ፣ ወሎ ውስጥ በ2014ቱ ጦርነት የተጎዱ ሕንፃዎች አሉ፣ ለጨለማ ደግሞ ላሊበላ ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚያልፈው መተላለፊያ አለ ይላል። መልስ 11 በቁጣ ነው የመጣው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም በወንድሜና በእህቴ ሲጻጻፍ ነበር፤ እዚህ ላይ ወንድሜ የሚለው ቀርቷል። ያ መተላለፊያ ምእመናን ሲኦልን እያሰቡ በጸሎት የሚያልፉበት መሆኑን፣ የጭራቅ መጫወቻ እንዳልሆነ ይነግረዋል። ስለ ፈረሱት ሕንፃዎችም፣ ባለቤቱ ገና ፍርስራሹን ያላነሳበትን ግድግዳ ማስፈራሪያ ማድረግ ነውር ነው ይላል። መልስ 12 ከ10ኛው ሰው ነው፤ ቃሉ ሻካራ ነው፣ ደራሲ ሁሉ ፈቃድ ሲለምን ጥበብ ይሞታል የሚል።

መልስ 13 ለሁለቱም የሚሆን ነገር አመጣ። የ2012ቱ ፊልም ሲወጣ የቼርኖቤል ተጎጂዎችን የሚረዳ ድርጅት ተቃውሞት እንደነበር ያስታውሳል፤ ምክንያቱም የጨረር ተጎጂን ጭራቅ አድርጎ ስላሳየ። ከፍንዳታው ከወጡት ጨረር አመንጪዎች አዮዲን 131 በ8 ቀን ግማሹ ይጠፋል፣ ሲዚየም 137 ግን 30 ዓመት ይፈልጋል፤ ዛሬ እዚያ አፈርና የድንጋይ ሽበት ውስጥ ያለው በዋናነት ይኸኛው ነው። ጨረር በሰው ላይ የሚያደርሰው ቃጠሎ፣ ደም የሚያመርተው መቅኔ መጎዳትና ካንሰር ነው፤ ጥፍርና ክራንቻ አያበቅልም። ወሎ በራሷ ቁስል ላይ እንዳይሠራ የምትፈልገውን በሌላው ቁስል ላይ መሥራት የለባትም ይላል፤ ስለዚህ የከተማዋ ሰዎች በፊልሙ ጭራቅ ሆነው እንዳይመጡ። በእኔ እምነት 11ኛው በቁጣ ያለው ልክ ነው፣ 13ኛው ደግሞ የሚሠራበትን መንገድ አሳየ።

መልስ 14 ግድግዳውን ማሳረጅ ቀላል መሆኑን ሊያሳይ የገባ ቀለም ቀቢ ነው። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ አይነካ፤ ስድስት ካሬ ሜትር ቺፑድ ይበቃል፣ ከተዋናዩ ኋላ ይቆማል። መጀመሪያ ጥቁር ግራጫ ቀለም ተቀብቶ ይደርቃል። ከዚያ አንድ ኪሎ ነጭ የእንጨት ኮላ በስሱ ይቀባል፤ ጣት ሲነካው የሚይዝ ግን የማያቆሽሽ ሲሆን የውኃ ቀለም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄድበታል። ብሩሹ ከተመላለሰ ኮላውን ይቀሰቅሰዋልና አይሰነጠቅም። ፀሐይ ላይ ሲደርቅ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። የሶቪየት ሕንፃ ግድግዳ ከወገብ በታች አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ፣ ከላይ ነጭ መሆን አለበት። በክረምት ደሴ ላይ ይህን መሞከር ልፋት ነው፤ በጉሙ ኮላው አይጨርስም፣ ቀለሙ ተንሸራቶ ይወርዳል። ስለ ጽሑፍም አንድ ነገር ጨምሯል፤ የከተማዋ ስም በሩሲያ ፊደል ሲጻፍ የመጀመሪያው ፊደል የእኛን በ ይመስላል፣ ድምፁ ግን ፕ ነው፤ ሁለተኛው የላቲኑን ፒ ይመስላል፣ ድምፁ ግን ር ነው። ገጸ ባሕርዩ በ ብሎ አንብቦ ቢሳሳት ጥሩ ትዕይንት ይወጣዋል።

መልስ 15 የታሪኩን ቀዳዳ ይነካል። ጎብኚ ወደ ቀጣናው የሚገባው በፈቃድ ነው፤ 30 ኪሎ ሜትር ላይ ኬላ አለ፣ ሲወጣም በጨረር መለኪያ በር ያልፋል። አምስት ሰው ገብቶ አምስት ሰው ካልወጣ ዘበኞቹ ይፈልጋሉ። በ2012ቱ ፊልም ኬላው ላይ ስለተመለሱ አስጎብኚው በጫካ አዙሮ ያስገባቸዋል፤ እዚህም እንዲህ ያለ ምክንያት ያስፈልጋል። ዘመኑም ከፈረንጆቹ የካቲት 2022 በፊት ይሁን፤ ያኔ በተነሳው ጦርነት ጉብኝቱ ተቋርጧልና።

መልስ 16 ላይ የገቡት አንድ አዛውንት ናቸው፤ ከዚህ በኋላ ሁሉም አንቱ እያለ ነው የመለሰላቸው። የወሎ ልጆች ፕሪፕያት ምን ሊሠሩ ሄዱ የሚለውን ማንም አልጠየቀም ይላሉ። በደርግ ዘመን ብዙ ኢትዮጵያውያን ኪየቭ፣ ኦዴሳና ካርኮቭ ተምረዋል፤ ኪየቭ ከአደጋው ቦታ በመኪና የሁለት ሰዓት መንገድ ያህል ነው። በ1978 ኪየቭ ሲማር ደብዳቤው የተቋረጠ አጎት ይኑር፤ ልጆቹ የሚፈልጉት እሱን ይሁን። ያኔ በጫካ አዙረው መግባታቸው ቅብጠት አይሆንም። ጠያቂው ይህን ወዲያው ተቀበለ።

መልስ 17 የጨረር መለኪያውን ድምፅ ያነሳል። አብዛኛው ፊልም ላይ ጠቅታው እንደ ሰዓት እኩል እኩል ይመጣል፤ ይህ ስሕተት ነው። አተሞቹ የሚፈርሱት በዘፈቀደ ስለሆነ ጠቅታው ተጠጋግቶ ሦስት ይመጣል፣ ዝም ይላል፣ አንድ ይመጣል። በኮምፒዩተር ከመሥራት ይልቅ የማሽላ ፍሬ ከእጅ በጥቂት በጥቂቱ ቆርቆሮ ላይ ማንጠባጠብ ይሻላል፤ እጅ ሲፈጥን ጨረሩ ጨመረ ማለት ነው።

መልስ 18 ሙዚቃውን በአንቺ ሆዬ ቅኝት አድርጉት ይላል፤ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ። ሁለት ቦታ ላይ ግማሽ ድምፅ ተጠግቶ ስለሚቀመጥ፣ ከዶ እስከ ሶል ቤሞል ያለውም ርቀት ጆሮ የሚያሳርፍ ስላልሆነ ያስጨንቃል። መልስ 19 ይቃወማል፤ አንቺ ሆዬ ለእኛ ጆሮ የሠርግ ቅኝት ነው፣ ተመልካቹ ሙሽራ ሊጠብቅ ይችላል። ሁለቱ ሲከራከሩ ቆይተው ባቲና አምባሰል ውስጥ ገብተው ጠፉ፤ ከፊልሙ ጋር የማይገናኝ ግን ደስ የሚል ክርክር ነበር። የተረፈው ምክር አንድ ነው፤ ቅኝቱ ይሁን፣ የሠርጉ ምት ግን ይቅር። ማሲንቆው በአንድ ረጅም ምት ብቻ፣ ደጋኑ ወደ ድልድዩ ተጠግቶ ቀስ ብሎ ይሳብ፤ ድምፁ ከዜማነት ወጥቶ ወደ ሲቃ ይሄዳል። በስልክ ለሚያይ ሰው ከ200 ኸርዝ በታች ያለ ጉርምርምታ እንደማይሰማም አክለዋል፤ ወፍራሙ ድምፅ ላዩ ላይ ቀጭን ሻካራ ድምፅ ይደረብበት።

መልስ 20 የጥንቃቄ ነው፤ ማንም እንዳይዘለው። ሌሊት ኡኡታ የሰማ የወሎ ሰው በር ዘግቶ አይተኛም፣ ዱላ ይዞ ይወጣል። ቀበሌውም ፖሊሱም ጎረቤቱም ከሦስት ቀን በፊት ይነገረው፤ ጩኸቱ ግን እዚያ ባይጮህ ይሻላል። ሁለት ብርድ ልብስ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቤት ውስጥ ይቀዳ፣ አፍ ከማይኩ አንድ ሜትር ርቆ። ለጭስ ብሎ በተዘጋ ክፍል ከሰል ማጨስ ክልክል ነው፤ የከሰል መርዝ ሽታ የለውም፣ ራስ ምታትና እንቅልፍ ከመጣ ሰውየው ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣ። ጄኔሬተሩም በር ላይ አይቁም፤ 40 ሜትር ርቆ ከግንብ ጀርባ ይቀመጥ፣ ለድምፁም ለጭሱም።

መልስ 21 ላይ ክሩ ሌላ መንገድ ያዘ። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ለመሆኑ የሚያስፈራቸው ነገር ምንድን ነው? በ13ኛው ምክር ጭራቁ ቀርቷል። የሙት መንፈስ ቤት ውስጥ ይዞራል የሚለው የፈረንጅ ነገር ነው፣ የእኛ ሰው ባዶ ቤት አያስፈራውም ይላል። ወሎ ውስጥ ሰው ጅን የሚፈራው ወንዝ ዳር፣ ትልቅ ሾላ ሥር፣ አመድ መድፊያ ላይ ነው፤ ሰዓቱም ሁልጊዜ ሌሊት አይደለም።

መልስ 22 ያንን ይዞ ተነሳ። የሚፈራው ሰዓት ቀትር ነው። ልጅ በቀትር ወንዝ አይላክም፣ በቀትር ዛፍ ሥር አይተኛም። ዳዊትም በ90ኛው መዝሙር የቀትሩን ጋኔን ከሌሊቱ ግርማ ለይቶ ይጠራዋል። ከዚያ መላሹ ወደ መልስ 4 ይመለሳል። የካሜራው ሰው እንደ ጉድለት የቆጠረውን፣ ሚያዝያ 18 እኩለ ቀን ላይ ሰው እግሩ ሥር የምትጠፋውን ጥላ፣ ለምን እንሸሻታለን? እንደዚያው ይቀረጽ። ልጆቹ ፕሪፕያት ገብተዋል፤ ከመግባታቸው በፊት በጠዋቱ ትዕይንት ጥላቸው ረዝሞ ታይቷል። መኪናው ሞተ። ከመካከላቸው አንዷ ወደ መሬት ታያለች፤ ጥላዋ እግሯ ሥር ነው። ልክ እንደ ደሴ ቀትር። በዚያ አገር ፀሐይ አናት ላይ በጭራሽ አትወጣም፣ 1 ሜትር ከ30 መሆን የነበረበት ጥላ የለም። ቀትሩ ተከትሏቸው መጥቷል።

ይህን ሳነብ ወደ ላይ ተመልሼ መልስ 4ን እንደገና አነበብኩት። ቁጥሮቹ እዚያው ነበሩ፤ ሁላችንም የማስተካከያ ምክር አድርገን አለፍናቸው።

መልስ 23 ከካሜራው ሰው ነው፤ ክርክር ሳያነሳ ወደ ሥራው ገባ። ደሴ ላይ ፀሐይ ከፍተኛው ቦታ የምትደርሰው በሚያዝያ በትክክል 6 ሰዓት ሳይሆን 6 ሰዓት ከ20 ገደማ ነው። ልክ አናት ላይ የምትሆነው ሚያዝያ 11 አካባቢ ነው፤ ከአደጋው ቀን አንድ ሳምንት በፊት። በነሐሴ አጋማሽም ትመለሳለች፣ ግን ደመናው አያሳያትም። ከ6 ሰዓት እስከ 6፡40 የሰው ጥላ ከ15 ሳንቲም እምብዛም አይበልጥም፤ ከማታው 22 ደቂቃ እጥፍ ሊሆን የተቃረበ ጊዜ ነው። ጥላው ግን በስልክ ሲቀረጽ ሌላ ችግር አለ፤ ብርሃኑ ብዙ ስለሆነ ስልኩ ሹተሩን ወደ 1/3000 ይወስደዋል፣ እንቅስቃሴው ይቆራረጣል። 1/50 ላይ ለማቆየት ኤንዲ 64 ማጣሪያ (ብርሃኑን 64 እጥፍ የሚቀንስ ጥቁር መስታወት) ያስፈልጋል። የብየዳ መስታወት እንዳይሞከር፤ አረንጓዴ ያደርጋል፣ ከመጠን በላይም ያጨልማል። ፊት ላይ የሚሞላ ነጭ ጨርቅ አይያዝ። በዚያ ሰዓት ዓይን ከቅንድብ በታች ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል፣ ሜካፕ አያስፈልገውም። የደም ትዕይንት ካለ ግን የስኳር ሽሮፕ ደም በቀትር ንብ ስለሚጠራ ለማታ ይቆይ።

ጠያቂው ዝም ብሎ ቆይቶ፣ ከ12 ገጹ ሰባቱን ወደ ቀን አዛውሬያለሁ የሚል አንድ መስመር ከመልስ 23 ሥር አስገብቷል።

መልስ 24 እስካሁን የመጨረሻው ነው፤ የግንበኛ ይመስለኛል። ቀኑን በሰማይ ከመገመት በዱላ መለካት ይቀላል ይላል። አንድ ሜትር ዱላ ልሙጥ ሲሚንቶ ላይ ከሚያዝያ 5 ጀምሮ ይተከል፤ በየቀኑ 6፡20 ላይ ጥላው በሜትር ይለካ። ሚያዝያ 11 ላይ ጥላው ይጠፋል፣ 18 ላይ 4 ሳንቲም ያህል ይሆናል፣ ያውም ወደ ደቡብ። ዱላው በዓይን አይተከል፣ ቱንቢ ይውረድለት፤ አንድ ዲግሪ ያጋደለ ዱላ ፀሐይ አናት ላይ እያለች እንኳ ወደ 2 ሳንቲም የሚጠጋ ጥላ ያወጣል።